የ422ቱ ኩሬዎች ታሪክ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ወሬዬ ከወደ ስዊዘርላንድ ነው። በሀገሪቱ ሰሜን፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ አርጋው የሚባል ክልል አለ፤ እነሱ ካንቶን ይሉታል። አሬ፣ ሮይስና ሊማት የተባሉ ሦስት ወንዞች ከየአቅጣጫቸው መጥተው እዚያ ይገናኙና ወደ ታላቁ ራይን ይገባሉ። ሰው የሚበዛበት አገር ነው። ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱ፣ እርሻውና ከተማው ተጣብበው ይኖራሉ። እዚህ አገር በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ታላቅ ነገር ሆነ፤ እየጠፉ የነበሩ እንቁራሪቶች ተመለሱ። እንዴት እንደተመለሱ ከሥሩ ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረት የምጠራው ሁሉ በእነሱው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ድሮ ታዲያላችሁ ሮይስ እንደ ልቡ የሚሄድ ወንዝ ነበር። በተራሮቹ ላይ በረዶው ሲቀልጥና ዝናቡ ሲበረታ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ዳር ዳሩን ይንዳል፤ ዘንድሮ በዚህ ሄዶ ለከርሞ በዚያ ይሄዳል። ውሃው ሲሸሽ በየጎድጓዳው ኩሬ ጥሎ ይሄዳል። አንዱ ኩሬ ጥልቅ ነው፤ ፊላና ቄጠማ ያበቅላል። ሌላው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ጠጠር ላይ የተኛ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይደርቃል። አንዱ በደለል ተሞልቶ ሲጠፋ ጎርፉ ሌላ አዲስ ይቆፍራል። በዚያ ሜዳ ላይ ኩሬ ይወለዳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ይወለዳል።

እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ ኒውት የሚባለው ጅራታም ዘመዳቸውም ጭምር የተፈጠሩት ለዚህ ዓይነቱ አገር ነው። ሳይንሱ አምፊቢያን ይላቸዋል። እንቁላላቸው ቅርፊት የለውም፤ ውሃ ወይም እርጥበት ከተለየው ይደርቃል። ከእንቁራሪት እንቁላል የሚወጣው ጅራታም እጭ በስንጥብ ይተነፍሳል። ቀን ሲቆጠር እግር ያወጣል፣ ጅራቱ ይመጠጣል፣ ሳንባ ያበቅላል፣ ከዚያ ወደ የብስ ይወጣል። ካደገም በኋላ ቆዳው ስስ ነው፤ በቆዳው ውሃ ይጠጣል፣ በቆዳው አየር ይስባል። በመሬቱና በውሃው ላይ የተረጨ መርዝም በዚያው በቆዳው ይገባበታል። እንግዲህ አብዛኛው የዚህ ፍጥረት ዓይነት ሁለት መኖሪያ ይሻል ማለት ነው፤ አንዱ ውሃው ነው፣ ሌላው በውሃው ዙሪያ ያለው ሣር፣ ቁጥቋጦና ደን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዘር ይቋረጣል።

ከዚያማ ሰው መሬቱን ፈለገው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንድ መሐንዲሶች ጠማማ ወንዞችን አቃኑ፣ ዳርቻቸውን በድንጋይና በአፈር ገደቡ። በእነዚያ ሰዎች ላይ አንፍረድ። ጎርፍ ቤትና ከብት ይወስድባቸው ነበር። በረግረግ ዳር የሚኖረው ገበሬ በንዳድ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አዎ፣ ስዊዘርላንድም በዚያ ዘመን ወባ ነበረባት። ተራራ በበዛበት አገር ደግሞ ለጥ ያለ መሬት ብርቅ ነው።

በዚህ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ስዊዘርላንድ ጦርነቱ ውስጥ ባትገባም ዙሪያዋን ተከብባ ቀረች፤ ከውጭ የምታስገባው እህል ቢቋረጥ ሕዝቧ ምን ሊበላ ነው? በ1940 ፍሪድሪክ ትራውጎት ቫለን የተባለ የእርሻ ባለሙያ፣ ኋላም የሀገሪቱ ሚኒስትር ለመሆን የበቃ ሰው፣ የሚታረስ መሬት ሁሉ ይታረስ የሚል ዕቅድ ይዞ ተነሣ። የከተማ መናፈሻና የኳስ ሜዳ ሳይቀር ድንች ተተከለበት። ረግረጉም ተራው ደረሰ። ቦይ ተቀደደለት፤ ከመሬት በታች የሸክላ ቱቦ በረድፍ በረድፍ ተቀበረለት፤ ውሃው በቱቦው ወደ ወንዝ ወረደ፤ በላዩ ላይ ስንዴና ድንች በቀለ። ረሃብን የፈራ ሕዝብ ያደረገው ነው። ጦርነቱ አለፈ፤ ቱቦው ግን ከመሬት ሥር ሆኖ ሌት ተቀን ውሃውን ማፍሰሱን ቀጠለ።

ምን አለፋችሁ፣ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ስዊዘርላንድ ከረግረጓ 90 በመቶ ያህሉን አጣች። የተረፉት ኩሬዎችም ተራራቁ። በመካከላቸው መንገድ ተዘረጋ፤ እንቁላል ለመጣል ወደ ውሃ የምትጓዝ እንቁራሪት በጎማ ሥር ቀረች። አንዳንዱ ኩሬ ዓሣ ተጨመረበት፤ ዓሣ ደግሞ እንቁላሉንም እጩንም ይለቅመዋል። ባረጀው ኩሬ ላይ ዛፉ ጥላ ጣለበት፤ ውሃው ቀዘቀዘ። አዲስ ኩሬ የሚቆፍር ጎርፍም የለም፤ ወንዙ ታስሯል። አያቶች በልጅነታቸው በየምሽቱ ይሰሙት የነበረው ጩኸት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ።

እዚህ ላይ የሕዝቡ ልብ መዞር ጀመረ። የስዊዘርላንድ ጦር ሠራዊት ሮተንቱርም በምትባል ስፍራ፣ ሰፊ ረግረግ ባለበት ሜዳ ላይ፣ የወታደር ማሠልጠኛ ሊሠራ አሰበ። የአካባቢው ገበሬ እምቢ አለ፤ የተፈጥሮ ወዳጆችም ከጎኑ ቆሙ። በዚያ አገር ሕግ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ለድምፅ ማቅረብ ይችላል። ፊርማው ተሰበሰበ። በ1987 መላው ሀገር ድምፅ ሰጠ፤ ከ57 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጪ ረግረጎቹ ይጠበቁ አለ። ረግረግን የመጠበቅ ግዴታ በሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ላይ ተጻፈ። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የአርጋው ሕዝብ ደግሞ በራሱ ክልል ድምፅ ሰጥቶ ከክልሉ መሬት ቢያንስ 1 በመቶው በ20 ዓመት ውስጥ ለወንዝ ዳር ረግረግና ደን እንዲመለስ በክልሉ ሕገ መንግሥት አሰፈረ። መሬት በካሬ ሜትር በሚሸጥበት አገር 1 በመቶ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሕግ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ እንቁራሪት ግን ሕግ ውስጥ አትዋኝም። ውሃ ያስፈልጋት ነበር። እናላችሁ የአርጋው አስተዳደር፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት፣ ገበሬዎችና ባለ መሬቶች ተባብረው ወደ ቁፋሮ ገቡ። ከ1999 ወዲህ ባሉት 20 ዓመታት በዚያ ክልል 422 አዳዲስ ኩሬዎች ተሠሩ።

ኩሬ እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው። ኤክስካቫተሩ ይመጣና የላዩን ጥቁር አፈር ገፍቶ ወደ ዳር ያደርገዋል፤ ማዳበሪያ የጠገበ አፈር ውሃው ውስጥ ከቀረ ኩሬው በአልጌ ይታፈናልና። ከሥሩ ያ አሮጌ የሸክላ ቱቦ ሲገኝ ይሰበራል ወይም ይደፈናል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ለዘመናት ሲፈስ የኖረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይመጣል። መሬቱ ውሃ የማይቋጥር ከሆነ የሸክላ አፈር አልብሰው ጠቅጥቀው ይደበድቡታል። ዳሩን ቀጥ አድርገው አይቆርጡትም፤ ቀስ እያለ እንዲወርድ አድርገው ያዘነብሉታል። ከዳር በኩል ውሃው ስስ ስለሚሆን ፀሐይ ቶሎ ታሞቀዋለች፤ እጩም በሙቅ ውሃ ቶሎ ያድጋል። በዙሪያው የድንጋይና የግንድ ክምር ይተዉለታል፤ ለቀን መደበቂያ፣ ለብርዱ ወራት መሸሸጊያ።

ከሁሉ የሚገርመው የመድረቁ ነገር ነው። ለእኛ ኩሬ መልካም የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲይዝ ነው። ለብዙዎቹ እንቁራሪቶች ግን አልፎ አልፎ የሚደርቀው ኩሬ ይሻላል። ኩሬው ሲደርቅ ዓሣው ያልቃል፤ እጭ የሚበሉ የውሃ ነፍሳትም ይቀንሳሉ። እንቁራሪቶቹ ያን ጊዜ እግር አውጥተው ወደ የብስ ወጥተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ ጠላት የሌለበት ውሃ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በስዊዘርላንድ አንዳንዱ ኩሬ ከሥሩ መክፈቻ ይበጅለታል፤ በመጸው ወራት ይከፈትና ውሃው ይለቀቃል፤ በኋላ ተዘግቶ እንደገና ይሞላል። ድሮ ወንዙ ራሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የሰው እጅ ይሠራዋል።

ለማን ነበር ይህ ሁሉ ድካም? በአርጋው ኩሬዎች የሚራቡ 12 የአምፊቢያን ዓይነቶች በዚህ ሥራ ክትትል ተደርጎባቸዋል። ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያዋ የዛፍ እንቁራሪት ናት። ርዝመቷ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ። በጣቶቿ ጫፍ ክብ መጣበቂያ ስላላት በቅጠልና በእንጆሪ ቁጥቋጦ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ወንዱ ምሽት ላይ ከጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት ነፍቶ ሲጮህ ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ፀሐይ የሚመታውን፣ ዓሣ የሌለበትን ስስ ውሃ ትወዳለች። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ጥቂት ክፉ ዓመታት ከተከታተሉ ከአንድ አካባቢ ፈጽማ ትጠፋለች።

ሁለተኛው አዋላጁ ጉርጥ ነው። የዚህን ነገር ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እናቲቱ እንቁላሉን በረጅም ክር ላይ ተያይዞ ስትጥል አባት ይቀበላትና በኋላ እግሮቹ ዙሪያ ይጠመጥመዋል። ከዚያ ወደ ውሃ አይገባም። በድንጋይ ሥር፣ በግንብ ስንጥቅ፣ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ እንቁላሉን ተሸክሞ ለሳምንታት ይኖራል። እንዳይደርቅበት ይጠነቀቃል፤ በሌሊት ለምግብ ሲወጣም ከነሸክሙ ነው። እጮቹ ሊፈለፈሉ ሲደርሱ ያን ጊዜ ወደ ኩሬው ይወርድና የኋላ እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ እጮቹ አንድ በአንድ እየወጡ ይዋኛሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል የሀገራችን ሰው፤ እዚህ ግን እንቁላሉ በአባቱ እግር ይሄዳል። እንግዲህ ይህ አባት ሳምንታት ተሸክሞ ሲያበቃ የሚደርስበት ኩሬ ደርቆ ስንዴ በቅሎበት ቢያገኘውስ? የአርጋው ታሪክ ለብዙ አሠርት ዓመታት ይህ ነበር።

ሦስተኛዋ ባለ ጉትዬው ኒውት ናት። በመራቢያው ወራት ወንዱ በጀርባው ላይ የተሰነጣጠቀ ጉትዬ ያበቅላል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን እንደ ሌሎቹ በአንድ ላይ አትዘረግፍም። አንድ እንቁላል፣ አንድ ቅጠል። በውሃ ውስጥ ካለ ተክል ለስላሳ ቅጠል ትመርጣለች፤ በኋላ እግሮቿ ታጥፈዋለች፤ በእጥፋቱ ውስጥ አንዷን እንቁላል ታኖራለች፤ ቅጠሉ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሌላ ቅጠል ትሄዳለች። እንዲህ እያደረገች በአንድ ወቅት መቶዎችን ታስቀምጣለች። ተክል የሌለበት፣ በሲሚንቶ የተለበጠ ገንዳ ለእሷ ምንም አይጠቅማትም።

አራተኛዋ ቢጫ ሆድ ያላት ትንሽ ጉርጥ ናት። እሷ ደግሞ የትራክተር ጎማ በጫካ መንገድ ላይ በሠራው ጉድጓድ ውስጥ ዝናብ ሲያቆር እዚያ ትራባለች። ጠላት ሲመጣባት ተገልብጣ ሆዷን ታሳያለች፤ ቢጫው «ቆዳዬ መርዝ አለው» ማለቷ ነው። አምስተኛው በጀርባው ላይ ቢጫ መስመር ያለው ሯጭ ጉርጥ ነው፤ አይዘልም፣ ይሮጣል። የእሱን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ፤ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ትምህርት በእሱ ዘንድ ነውና።

እንግዲህ ኩሬው ተቆፈረ። መሥራቱ ግን ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ መቁጠር ነው። ብዙ አገር ዛፍ ይተክላል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ዞር ብሎ አያይም። አርጋው እንዲህ አላደረገችም። በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ፣ እንቁራሪቶቹ መጮህ ሲጀምሩ፣ እነዚህ ሰዎች ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ ባትሪ ይዘው በሌሊት ወደ ኩሬው ይሄዳሉ። መጀመሪያ መብራታቸውን አጥፍተው ያዳምጣሉ፤ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ድምፅ አለው። ከዚያ ውሃውን በባትሪ ያበራሉ፤ በመረብ እጩን ያያሉ፤ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ሌሊት ዝም ያለ ኩሬ ባዶ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ከነፈሰ እንቁራሪት ላትጮህ ትችላለች። ስለዚህ በአንድ ወቅት ወደ አንድ ኩሬ ደጋግመው ይመለሳሉ። መምህር ሊሆን ይችላል፣ ጡረተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከሥራው ውሎ በሌሊት እንቁራሪት የሚቆጥር ሰው ነው። ይህ ለ20 ዓመት ቀጠለ።

በ2022 ሄለን ሞር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያን የ20 ዓመት መዝገብ መርምረው ውጤቱን በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ አወጡ። ከ12ቱ ዓይነቶች 10ሩ የሚኖሩባቸው ኩሬዎች በክልሉ ሁሉ ጨምረዋል። አንዱ ባለበት ጸንቷል። አንዱ ብቻ ቀንሷል። በሮይስ ሸለቆ የዛፍ እንቁራሪቷ በ1999 የምትገኘው በ16 ኩሬዎች ብቻ ነበር። በዚያ ሸለቆ ከ100 በላይ አዲስ ኩሬ ተቆፈረ፤ በ2019 ሲቆጠር በ77 ኩሬዎች ተገኘች። ማንም በሳጥን ይዞ አላመጣትም። ውሃው ሲዘጋጅላት በራሷ እግር ሄዳ ገባች።

ለምን ሆነላቸው? በዚያው በ20 ዓመት ውስጥ መንገዱ አልቀነሰም፤ ሕዝቡ አልቀነሰም፤ የእርሻ መርዙ አልቆመም። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ፣ በዓለም ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ያመናመነው፣ ስዊዘርላንድም ውስጥ አለ። ያ ሁሉ ችግር ባለበት ነው ቁጥራቸው ያደገው። ምሥጢሩ ብዛቱና ቅርርቡ ነው። አንድ ኩሬ ብቻውን ቢቆፈር አንድ ክፉ ዓመት ያጠፋዋል። እርስ በርስ የሚቀራረቡ ብዙ ኩሬዎች ሲሆኑ ግን እንደ አጎራባች ቀዬ ዘመዳሞች ናቸው፤ በአንዱ ቀዬ አዝመራው ሲከፋ ከሌላው ዘመድ ይደርሳል፣ የባዶውን ቤት በር ይከፍታል። ዘንድሮ በበሽታ የተመታ ኩሬ ለከርሞ ከጎረቤት በመጡ እንቁራሪቶች ይሞላል። ችግሩን ሁሉ ማስወገድ ባይቻል እንኳ ፍጥረቱ ችግሩን የሚቋቋምበትን ስፍራ ማብዛት ይቻላል። ይህ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ብሥራት ነው። በ2023 የወጣው የዓለም አቀፍ ግምገማ ከ8 ሺህ በላይ የአምፊቢያን ዓይነቶችን መዝኖ ከ5ቱ 2ቱ ያህል የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ብሏል፤ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ሁሉ የከፋ አደጋ ያለው በእነሱ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አካፋ ይዞ የሚሠራ መድኃኒት መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሯጩ ጉርጥ ልመለስ። የቀነሰው እሱ ነው። 422 ኩሬ ተቆፍሮ እሱ ለምን አልተጠቀመም? የእሱ ውሃ ሌላ ስለሆነ ነው። ሯጩ ጉርጥ የሚወደው ሰፊ፣ ስስ፣ ጎርፍ ሜዳ ላይ ጥሎት የሄደውን፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚደርቀውን ውሃ ነው፤ ዙሪያውም ሣር ያልወረሰው አሸዋና ጠጠር እንዲሆን ይሻል። ወንዙ በነፃነት ሲሄድ ይህ በየዓመቱ ይገኝ ነበር። ወንዙ ሲታሰር ሯጩ ጉርጥ ወደ ጠጠር ማውጫ ካባዎች ተሰደደ፤ ካባው ሥራ ሲያቆም ተደፍኖ ሣር ይለብሳልና እዚያም መኖሪያ አጣ። ብዙ የተቆፈሩት ኩሬዎች ለሌሎቹ መልካም ነበሩ፤ ለእሱ ግን አልሆኑትም። የተወሰደበትን ዓይነት ውሃ አልመለሱለትም።

ያዙልኝ ያልኩት ትምህርት እንግዲህ ይኸው ነው። ለፍጥረት የወሰድነውን መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን መመለስ ያለበት በወሰድነው መልክ ነው። ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንምጣ። በበዓል ቀን ወለላችን ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከረግረግ ነው የሚታጨደው። በኢሉባቦር ገበሬው ረግረጉን አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበታል፤ ጎተራው በሚጎድልበት ወቅት የሚደርስለት እህል ነውና። ከ1940ው የስዊዘርላንድ ገበሬ ጋር የሚያገናኘው ይህ የረሃብ ሥጋት ነው፤ በእሱም ላይ አንፍረድ። የተራበን ሰው ስለ እንቁራሪት ብለህ አትረስ ማለት ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ከረግረጉ ጥቂቱን ሳይነካ ማቆየት፣ ቦዩን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አለመቅደድ፣ ዳሩን ለቄጠማና ለጨፌ መተው ለገበሬውም ይጠቅማል። ምንጩ እንዳይደርቅ፣ የቤቱ ክዳን ሣር እንዳይጠፋ ያደርጋልና።

ወባስ ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወባ ባለበት ቆላ፣ ከመንደር አጠገብ፣ የጤና ባለሙያ ሳይማከር ኩሬ መቆፈር ተገቢ አይደለም። ነገር ግን የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው በጎማ ጉድጓድ፣ በተዘጋ ቦይና በእርሻ ውስጥ ባቆረ ውሃም ጭምር ነው። እንቁራሪትና የውሃ ነፍሳት የሞሉበት ጤነኛ ረግረግ የትንኝ እጭ የሚበሉ ብዙ አፎች አሉበት። ስለዚህ ረግረግ ሁሉ የበሽታ ቤት ነው ብሎ መፍረድም ልክ አይደለም። በደጋውማ ይህ ሥጋት ያነሰ ነው።

ደጋ ስል ባሌ ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ካሏት የአምፊቢያን ዓይነቶች ከ3ቱ ከ1 የሚበልጠው በሌላ በየትም አገር አይገኝም፤ ከእነዚህም በዓለም ላይ ባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖሩ አሉ። የማልኮም ጉርጥ የምትባለው በከፍታው ላይ፣ ከሐረና ደን በላይ ባለው ብርዳማ ሣር ውስጥ ትኖራለች። ይህች ትንሽ ጉርጥ ኩሬ አትፈልግም። እንቁላሏን በእርጥብ ሣር ሥር መሬት ላይ ታኖራለች፤ ብዙ እናቶች በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ያኖራሉ፤ እጮቹም ወደ ውሃ ሳይገቡ በዚያ እርጥበት ውስጥ ያድጋሉ። ኤሪካባትራኩስ የተባለችው ሌላዋ የባሌ እንቁራሪት ደግሞ በደን ውስጥ ከሚወርዱ ንጹሕ ጅረቶች ጋር የተቆራኘች ናት። በ2013 የታተመ ጥናት በባሌ የእነዚህ ፍጥረታት ቁጥር ክፉኛ እንዳሽቆለቆለ አስጠንቅቋል። ደኑ ይመነጠራል፤ ከብቱ እርጥቡን ሣር ይረግጠዋል፤ ኪትሪድ ፈንገስም ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል።

አንድ ሰው የአርጋውን ታሪክ ሰምቶ ለማልኮም ጉርጥ ኤክስካቫተር ይዞ ቢሄድ የሚያጠፋት እሱ ነው። ለእሷ የሚመለሰው ውሃ በሣር ሥር ያለው እርጥበት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚመለሰው የከብቱን ግጦሽ ከአካባቢው እረኞች ጋር ተነጋግሮ በመወሰን፣ አንዳንዱን ሸለቆ ለተወሰነ ጊዜ በመከለል ነው። ለጅረት እንቁራሪቷ የሚመለሰው በጅረቱ ግራና ቀኝ ያለው ዛፍ ነው። ከአርጋው የምንወስደው ቁፋሮውን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ፍጥረቱ የት እንደሚራባ ማወቅ፣ ስፍራውን አብዝቶ ማቀራረብ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሄዶ መቁጠር፣ የተሳሳተውን ማረም። ለመቁጠር ባትሪና ቦቲ ጫማ፣ የሠለጠነ ጆሮና ታማኝ መዝገብ ይበቃል። በየዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አሉ፤ በየገጠሩ የእንቁራሪቱን ድምፅ ከተማሪው በላይ የሚለዩ እረኞች አሉ። ሁለቱን ማገናኘት የምንችለው ሥራ ነው።

ወገኖቼ፣ አርጋው 20 ዓመት ቆፍራ፣ 422 ኩሬ ሠርታ፣ ያጣችውን ሁሉ አላገኘችም፤ ሯጩ ጉርጥ ዛሬም እየጎደለባት ነው። ሀብታም አገር ሆና ይህን ያህል ደክማ የመለሰችው ከፊሉን ነው። እኛ ገና ያልደረቀ ረግረግ፣ ገና ያልተመነጠረ የጅረት ዳር፣ ገና ያልተቆጠረ እንቁራሪት አለን። ያለውን ማቆየት የጠፋውን ከመመለስ በብዙ እጅ ይረክሳል። ስለዚህ በየአካባቢያችሁ ረግረግ ሊጠነፈፍ ቦይ ሲቀደድ ስታዩ፣ እዚህ ውስጥ ማን ይራባል ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ለቀበሌውም፣ ለግብርና ባለሙያውም፣ ለእርሻው ባለቤትም ይቅረብ። የቀረውን ቆጥረን እንጠብቅ፤ የደረቀውን ደግሞ እንደሚመለስ አርጋው አሳይታናለች፣ እንመልሰው።